ኦ. ሄንሪ በአንድ ጥራዝ

የኦ. ሄንሪን ታሪኮች በአንድ ጥራዝ የሰበሰቡ ሰዎች ለደራሲው ውለታ አልዋሉለትም ባይ ነኝ። ይህን የምለው ደራሲውን ለማቃለል አይደለም፤ እንዲያውም ስለምወደው ነው። ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ «ወርልድ» ለተባለው ጋዜጣ የእሑድ እትም በየሳምንቱ አንድ ታሪክ ይጽፍ ነበር። አንባቢው ያን አንብቦ፣ ስቆ፣ ቀጣዩን እሑድ ይጠብቃል። እኛ ግን አሥሩን በአንድ ሌሊት እንጨርሳለን። አራተኛው ላይ ፍጻሜው እንደሚገለበጥ እናውቃለን፤ ሰባተኛው ላይ ከደራሲው ቀድመን እንገለብጠዋለን። ቡናም ቢሆን ከበረካ በኋላ ውኃ ነው።

ይሁንና ጥራዙ አንድ ነገር ያሳያል። ታሪኮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከቀልዱ ሥር ምን ያህል ሰው አንዳች ነገር ደብቆ እንደሚኖር ይገለጣል። በ«ሰብአ ሰገል ስጦታ» ሚስት ፀጉሯን፣ ባል ሰዓቱን ተደባብቀው ይሸጣሉ። በ«መጨረሻዋ ቅጠል» ሽማግሌው ሠዓሊ በዝናብ ሌሊት ግድግዳ ላይ ቅጠል ሥሎ የታመመችውን ወጣት ያታልላል፤ በዚያው ብርድ ይሞታል። ካዝና ሰባሪው ጂሚ ቫለንታይን ስሙን ለውጦ ጫማ ነጋዴ ሆኗል፤ ካዝና የተቆለፈባትን ሕፃን ለማዳን ግን በእጮኛው ፊት የቀድሞ ሙያውን ያወጣል። ሊይዘው የመጣው መርማሪም እንደማያውቀው ሆኖ ይተወዋል።

የኦ. ሄንሪ እውነተኛ ስም ዊልያም ሲድኒ ፖርተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ በሠራበት ባንክ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ወደ ሆንዱራስ ሸሸ፤ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ልትሞት መቃረቧን ሲሰማ ተመለሰ። በ1898 አምስት ዓመት ተፈርዶበት በኦሃዮ ወህኒ ቤት ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ታሰረ። እዚያም በመድኃኒት ቤቱ እየሠራ ሌሊት ሌሊት ይጽፍ ነበር። ታሪኮቹ ለመጽሔቶች የሚደርሱት በሌላ ሰው እጅ ነበር። ሴት ልጁ ማርጋሬት አባቷ ለሥራ ርቆ እንደሄደ ነበር የተነገራት። በ1910 ሲሞት አንባቢዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ምስጢሩ በአደባባይ የወጣው በ1916 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ነው።

ሐያስያን በስሜታዊነቱና በተደጋጋሚ ብልሃቱ ይነቅፉታል። ሐሰት አይደለም፤ በእንባ የሚነግድባቸው ገጾች አሉት። እኔ ግን ጥራዙን ለሚያጣጥል ሰው «የኪራይ ክፍል» የሚለውን አንብብ እለዋለሁ። አንድ ወጣት የጠፋችበትን ፍቅረኛውን ከቤት ቤት እየፈለገ አንድ የኒው ዮርክ ማደሪያ ይደርሳል። አከራይዋን ይጠይቃታል፤ አላውቃትም ትለዋለች። ክፍሉን ተከራይቶ ይገባል፣ የልጅቷን ሽቶ ያሸታል፣ ወርዶ ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም የለችም። ተመልሶ በሩንና መስኮቱን ደፍኖ ጋዙን ይከፍታል።

እዚህ ላይ ደራሲው ያው የለመደውን መሣሪያ፣ መደበቅን፣ ያነሣል፤ ለፍቅር ሳይሆን ለኪራይ ብሎ የሚደብቅ ሰው ግን እጅ ላይ ያኖረዋል። ሳቅም ይቅርታ የሚያደርግ መርማሪም የለም። ከታች ሁለት አከራዮች ቢራቸውን ይዘው ይጫወታሉ። አንዷ ያን ክፍል ዛሬ እንዳከራየች ትናገራለች፤ ከሳምንት በፊት አንዲት ልጅ በዚያው ጋዝ ራሷን እንዳጠፋችበት ለተከራዩ አልነገረችውም። ሌላዋም ደግ አደረግሽ ትላታለች፤ ኑሯቸው ክፍል ማከራየት ነውና።