ሪያድ ስትደርስ ማን ይቀበላታል? የወጣት እህቶቻችን የመጀመሪያ ዓመት

የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ ሪያድ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የከተማዋ ሜትሮ ስድስት መስመሮችና 176 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ከወሎ፣ ከጂማ ወይም ከአርሲ ገጠር ተነስታ በቤት ሠራተኝነት ወደዚያ የምትሄድ የሃያ ዓመት ወጣት ግን ይህን ሁሉ የምታየው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቀጣሪዋ ቤት በሚወስዳት መኪና መስኮት ብቻ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሪያድ ለእርሷ አንድ ግቢ፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ ስልክ ናት።

ስለ ዓረብ አገር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ሁለት ነገር ነው። አንድም የእገሌ ልጅ ለወላጆቿ ያሠራችውን ባለ ቆርቆሮ ቤት እናደንቃለን፤ አንድም በሳጥን የመጣ አስከሬን ተቀብለን እናለቅሳለን። በሁለቱ መካከል ስላለው የመጀመሪያ ዓመት ግን አንነጋገርም። ልጅቷ ስትሸኝ የምትሰማው ምክር «ሶብር አድርጊ» የሚል ነው። ሶብር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብቻውን አገር አያስለምድም። አዲስ ከተማ ላይ ሰው የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፤ በቋንቋ፣ በወረቀትና በሰው። ሦስቱም የሚዘጋጁት ከበረራው በፊት፣ እዚሁ አገር ቤት ነው።

ከቋንቋ እንጀምር። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ካስተማርኳቸው ሴቶች ልጆች መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር የሄዱ አሉ። ብዙዎቹ መድረሳ የቀሩ፣ አንዳንዶቹም ቁርኣን ያከተሙ ስለነበሩ ቤተሰቦቻቸው «ዓረብኛ ታውቃለች» ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን የቁርኣን ንባብና የሪያድ ወጥ ቤት ዓረብኛ የተለያዩ ናቸው። በመድረሳ «አል-ኣን» ብላ የተማረችውን ቃል ማዳሟ «አልሒን» ትላታለች። «ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ በኪታብ ላይ እንዳለው ሳይሆን «ወሽ ተብጊን?» ተብሎ ይመጣባታል። መጥረጊያውን «መክነሳ»፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን «ገሳላ»፣ ካውያውን «መክዋ» ብላ ካላወቀች ቀኑን ሙሉ ትጮህባታለች። እምቢተኝነት ተደርጎ የሚቆጠርባት ነገር ብዙ ጊዜ አለመስማማት ሳይሆን አለመግባባት ነው።

ቤቱ ራሱም ሌላ ቋንቋ ነው። በማገዶ ስታበስል ያደገች ልጅ በአንድ ቀን የጋዝ ምድጃ፣ ኦቨንና ባለብዙ ቁልፍ ማሽን ፊት ትቆማለች። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በተዘጋ ክፍል መቀላቀል መርዛም ጋዝ እንደሚያወጣ ካልተነገራት ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ሥልጠናና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው። ይሁንና ሥልጠናውን ለሲኦሲ ወረቀት ብቻ የሚፈልገው ሰው ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። በሳዑዲ አንድ የውጭ ሠራተኛ ሕጋዊ ሆኖ የሚኖረው በቀጣሪው፣ ማለትም በከፊሉ ስም ነው። መኖሪያ ፈቃዱን (ኢቃማውን) በገባች በ90 ቀናት ውስጥ ማውጣት ያለበት እርሱ ነው። ከቤቱ ከወጣች «ጠፋች» ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል፤ ዓረቦች «ሁሩብ» የሚሉት ይህ ነው። ያን ጊዜ በደል ሸሽታ የወጣችው ልጅ ራሷ ሕገ ወጥ ትሆናለች። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌሎች ሠራተኞች ቀጣሪ መቀየር እንዲቀልላቸው የተደረገው ማሻሻያም እነርሱን አልፏቸዋል።

ይህ ማለት ግን ምንም መብት የላቸውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን የእረፍት ቀንና ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ የአንድ ወር ደመወዝ ያለው ፈቃድ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለ አዲስ ደንብም ተተክቶለታል። ኢትዮጵያና ሳዑዲ በተስማሙበት መሠረት የመነሻ ደመወዙ 1,000 ሪያል ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ በአዲስ ውል የሚቀጠሩት ደመወዝ ሙሳነድ በተባለው የመንግሥት ሥርዓት በኩል በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ተወስኗል። የዚህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ክፍያ ሲቀር ማስረጃ ይኖራል። ዳሩ ግን መብቱን የማታውቅ ልጅ ማስረጃውንም አትጠይቅም።

ወረቀት ማጣት ምን እንደሚያስከትል የረሳን አንመስልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማሰስ ስትጀምር ሐበሾች በብዛት በሚኖሩበት የሪያድ መንፉሃ ሠፈር የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ግን ጉዞው አልቆመም፤ በደላላ እጅ፣ በየመን በረሃ በኩል ቀጠለ። መንገዱን መዝጋት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አይተናል።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ የተዘነጋው ሰው ነው። ልጅቷ ማታ ሥራ ጨርሳ ኢሞ ስትከፍት ከአገር ቤት የሚጠብቃት ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ብር መቼ ትልኪያለሽ?» የሚል ነው። የወንድሟ ትምህርት፣ የእናቷ ሕክምና፣ የደላላው ዕዳ ሁሉ በእርሷ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣቷን፣ ማልቀሷን፣ መመታቷንም ቢሆን ትደብቃለች። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ እኛም አምነን ስልኩን እንዘጋለን።

አንዳንዱ ደግሞ ናፍቆትን የኢማን ድክመት አድርጎ ያየዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሶሓቦች ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) በመዲና ትኩሳት ተይዘው እንደነበር፣ ቢላልም የመካን ሸለቆዎች እየናፈቀ ስንኝ ይቋጥር እንደነበር ሐዲስ ላይ ተዘግቧል። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ለምን ናፈቃችሁ ብለው አልገሠጿቸውም፤ መዲናን እንዲያስወድዳቸው አላህን ለመኑላቸው እንጂ። ከዚያም በላይ ስደተኛውን ሁሉ ከአንድ የመዲና ሰው ጋር ወንድም አድርገው አስተሳሰሩ። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ ወንድሙ ሰዕድ ንብረቱን ሊያካፍለው ሲነሣ አመስግኖ የገበያውን መንገድ እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀ። አዲስ መጤ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው፤ መንገድ የሚያሳየው አንድ ሰው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሥራው የመንግሥትና የኤጀንሲዎች ብቻ አይደለም። ልጆች በብዛት በሚሄዱባቸው ወረዳዎች ያሉ መድረሳዎች ከቁርኣኑ ጎን ለጎን የሁለት ወር የቤት ውስጥ ዓረብኛ ትምህርት ሊጀምሩ ይችላሉ። አስተማሪዎቹ ሩቅ አይደሉም፤ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶች በየቀበሌው አሉ። ዓረብኛውን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም፣ የማዳምን ጠባይም ከእነርሱ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ሪያድና ጅዳ ያሉ ጀመዓዎቻችንም ለእያንዳንዷ አዲስ መጤ በስልክ የምትጠይቃት አንዲት ነባር እህት ቢመድቡ የመዲናን ወንድማማችነት በተግባር መለሱ ማለት ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የውሏን ቅጂ፣ የቀጣሪዋንም ስምና ስልክ ሳትይዙ አትሸኟት። የሳዑዲ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ጥሪ 19911፣ በሪያድ የአደጋ ጊዜ ጥሪ 911 መሆኑን በቃሏ ትያዝ። የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የሙከራ ጊዜዋም፣ ኢቃማዋ የሚወጣበትም ጊዜ ናቸው። በእነዚያ ወራት ስለ ብር አትጠይቋት። በሳምንት በታወቀ ቀን ደውሉላት፤ መጀመሪያም «ኢቃማሽ ወጣ? ደመወዝሽ ገባ? ትተኛለሽ?» በሏት። ሰው አጠገቧ ቆሞ በነፃነት መናገር ካልቻለች ደህና አለመሆኗን የምታሳውቅበት፣ ሌላው የማይገባው አንድ ቃል ተስማሙ።

እርሷም የላቧን ዋጋ መጠየቅ ከሶብር መጉደል እንዳልሆነ ትወቅ። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የነፈገ ሰው በቂያማ ዕለት ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሆነ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። እንዲህ የከበደን ሐቅ ዝም ብላ እንድትተው የሚመክራት ሰው መልካም መካሪ አይደለም።

በዚህ ሳምንትም ከየከተማው ልጆቻችን ሻንጣ ይዘው ቦሌ ይገባሉ። ሻንጣቸው ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንዳለ እናውቃለን። የሚደውሉለት ሰው መኖሩንም እናረጋግጥ።