«ዕዳ ከሜዳ» እንዳይሆን፦ በሰው ስም የሚከፈት የሐሰት ሒሳብና የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም

አንድ አርሶ አደር የማዳበሪያ ብድር ለመጠየቅ ወደ ገንዘብ ተቋም ይሄዳል። ሠራተኛው መዝገቡን ተመልክቶ «ያለብዎትን ዕዳ ሳይከፍሉ አዲስ ብድር አይሰጥዎትም» ይለዋል። አርሶ አደሩ ግን ከዚያ ተቋም አንድ ብር እንኳ ተበድሮ አያውቅም። ስሙ የእሱ ነው፤ የመታወቂያ ቁጥሩም የእሱ ነው፤ ገንዘቡን የበላው ግን ሌላ ሰው ነው። አባቶች «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት ይህንን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይለካም። በሰኔ ያመለጠ ብድር በመስከረም ቢገኝ ለመኸሩ እርሻ ማዳበሪያ አይሆንም። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስሙ በባለዕዳነት የተመዘገበ ሰው ወደ ሌላ ባንክ ቢሄድም መዝገቡ ይከተለዋል። ከዚህም የከፋ አለ። አጭበርባሪዎች ከሰው የዘረፉትን ገንዘብ የሚያሳልፉበት ሒሳብ በአርሶ አደሩ ስም ተከፍቶ ከሆነ፣ ፖሊስ ዱካውን ተከትሎ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና በ2014 ዓ.ም. የብድርና የቁጠባ አገልግሎት ከጨመረ ወዲህ ደግሞ ሒሳብና ብድር በስልክ የሚገኙ ሆነዋል። ይህ ለገጠሩ ሕዝብ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በአንድ ሰው ስም የወጣ ሲም ካርድ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ችግሩ ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሰው ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከታላላቆቹ ባንኮች አንዱ የሆነው ዌልስ ፋርጎ ሠራተኞች ደንበኞቹ ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ መክፈታቸው ተረጋግጦ፣ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2016 የ185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። 5,300 ያህል ሠራተኞችም ተሰናብተዋል። በኋላ በተደረገው ማጣራት ያለ ፈቃድ ተከፍተው ሊሆን የሚችሉት ሒሳቦች ቁጥር እስከ 3.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ባንኩ ራሱ አስታውቋል። ምክንያቱ ሠራተኞቹ በየጊዜው ይህን ያህል ሒሳብ ክፈቱ ተብለው ከአቅም በላይ በሆነ ኮታ መገደዳቸው ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ቁጥር ለመሙላት ብቻ የሚደረግ ዘመቻ ባለበት ሁሉ የሰው ስም ያለ ባለቤቱ ይሠራበታል።

በገጠር ሒሳቡ የሚከፈተው በባንክ ቢሆንም በሩን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ የቀበሌው ወረቀት ነው። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ገበሬ ማኅበሩ አባሉን መዝግቦ በማኅተሙ ሲመሰክር ኖሯል። ዛሬ ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም ባንክ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አሁንም ከዚያው ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ላይ የተመታ ማኅተም ለአጭበርባሪ የተሰጠ ቁልፍ ነው። ለእርዳታ ወይም ለግብዓት ምዝገባ ተብሎ የተሰበሰበ የመታወቂያ ቅጂ በየጠረጴዛው ሲቀርም ውጤቱ ያው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ይህን በር ለማጥበብ ይረዳል። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ በአንድ ፊት ሁለት ስም መያዝ ይከብዳል። ነገር ግን የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በምዝገባ ጊዜ ወደተሰጠው ስልክ ነው። ስልክ የሌለው አርሶ አደር የሌላ ሰው ስልክ አስመዝግቦ ከሆነ የቤቱን ቁልፍ ለዚያ ሰው እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ፈጥኖ ማስቀየር ይገባዋል።

በስሙ የሐሰት ሒሳብ ወይም ዕዳ የተገኘበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ለጊዜው ትንሽ ክፈልና ይጣራል» ቢባል መክፈል የለበትም፤ ዕዳውን እንዳመነ ሊቆጠርበት ይችላልና። ቀጥሎ ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ከምስክር ጋር ሄዶ ሒሳቡ እንዲታገድ በጽሑፍ ያመለክታል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በእጁ በሚቀረው ላይ የደረሰበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። ሒሳቡ የተከፈተበትን ቅጽ፣ ፎቶግራፍ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራና ስልክ ቁጥር እንዲያሳዩት ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማጭበርበሩ የሚታወቀው ከእነዚህ ነው። ሦስተኛ ለፖሊስ ያመለክታል። ሰነድ ማስመሰል በወንጀል ሕጉ፣ በኮምፒዩተር የሌላውን ማንነት መስረቅ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ባንኩ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ አቤቱታውን ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ጉዳይ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ዳኛው ቢሆንም፣ «አውራ ጣትህን አድርገሃል» ተብሎ ለሚከሰስ አርሶ አደር ይህን መከላከያ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ዋናው ሥራ ግን አስቀድሞ መጠበቅ ነው። ማኅተም የሚይዘውና የሚፈርመው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። ለባንክ የሚጻፍ እያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠው፤ ፎቶግራፍ ይለጠፍበት፤ ባለቤቱም ራሱ ቀርቦ ይረከብ። በዱቤ ግብዓት የሚወስዱ አባላት ስምና መጠን ወደ ገንዘብ ተቋሙ ከመሄዱ በፊት በጠቅላላ ጉባዔ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሞቱ ሰዎች፣ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ወጣቶችና ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴቶች ስም በተለይ ይመርመር፤ ተከታታይ የሌለው ስም ለሌባ ይመቻልና።

አንድ ስም በጉባዔ ሲነበብ «እኔ አልወሰድሁም» የሚል ድምፅ ቢነሣ በዚያው ሰዓት ይታረማል። ያ ስም ሳይነበብ ባንክ ከደረሰ በኋላ ግን ለማስተካከል ወራት ያስፈልጋል። በመካከሉም አንድ የእርሻ ወቅት ያልፋል።