ለወንዝ ደለል መውጫ በር ስለ መተው

ወንዝ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ውኃና አፈር ይዞ ይወርዳል። ሰው ግድብ ሠርቶ ውኃውን ባቆመ ጊዜ አፈሩ ከግድቡ በላይ እየረጋ ይቀራል፤ የሐይቁም ሆድ በየዓመቱ ይጠባል። ከግድቡ በታች ያለው አገር ደግሞ የለመደውን ደለል ስለሚያጣ የወንዙ ዳርና ወለል ይሸረሸራል። ስለዚህ ግድብ ለሚያሠራ መንግሥት የደለሉ ጉዳይ ከውኃው ጉዳይ የሚያንስ አይደለም።

ለዚህ ነገር ስሙን ከሚሸከመው አፈር ያገኘው የቻይና ብጫ ወንዝ የተገለጠ ምስክር ነው። በሳንሜንሺያ ስለሚሠራው ግድብ በተመከረ ጊዜ፥ የውኃ ሊቅ የነበሩት ሁዋንግ ዋንሊ በ1957 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሳቡን ተቃወሙ፤ መሠራቱ የማይቀር ከሆነም የግርጌው መውጫዎች እንዳይደፈኑ መከሩ። ምክራቸው ግን አልተፈጸመም፤ መውጫዎቹ ተደፈኑ።

ግድቡ በ1960 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ከመጣው ደለል ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው በሐይቁ ውስጥ ቀረ። ወደ ብጫ ወንዝ የሚገባው የዌይ ወንዝም ወለሉ ከፍ ስላለ፥ ጐርፉ የእርሻውን አገርና የሺአንን ከተማ የሚያሰጋ ሆነ። በዚህ ጊዜ መንግሥቱ አሳቡን ለወጠ፤ በግድቡ አጠገብ 2 ዋሻዎች ተፈለፈሉ፤ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮም የተደፈኑት መውጫዎች በብዙ ወጪ ዳግመኛ ተከፈቱ። ከ1973 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጐርፍ ወራት ድፍርሱን ማሳለፍ፥ ጐርፉ ካለፈ በኋላ ጥሩውን ማከማቸት የግድቡ ሥርዓት ሆነ።

በዚህም ሐይቁ ጨርሶ ከመደፈን ዳነ። ይሁን እንጂ ሊገኝ ታስቦ የነበረው የኤሌክትሪክ ኀይል እጅግ ተቀነሰ፤ የዌይም ወለል ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ በ2003 ዓ.ም. የደረሰውም የዌይ ጐርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አስወጣ። የዘገየ መድኀኒት በሽታውን ቢያቀልም ጠባሳውን አያጠፋም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዚያው በ1960 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ሥራውን የጀመረው የቆቃ ግድብ ከውኃ መያዣው ጥቂት የማይባለውን ክፍል ደለል ወስዶበታል። በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በክረምት ከደጋው አፈር አጥቦ በሚወርደው በዓባይ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው አፈሩ በተራራው ላይ እንዳለ በእርከንና በዛፍ እንዲያዝ ማድረግ ነው፤ በዚህም ሹማምንቱ በትእዛዝ፥ ካህናቱ በምክር ገበሬውን ሊረዱት ይችላሉ። ሁለተኛው ግድብ በሚነደፍበት ጊዜ ለደለሉ መውጫ መተው፥ ከተሠራም በኋላ በየዓመቱ የሐይቁን ወለል መለካት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው፤ በመጀመሪያ ከሚተው በር ይልቅ በኋላ የሚፈለፈል ዋሻ ዋጋው ይከብዳልና።