ሰዓቷን ከሣጥን አውጧት

አያቴ በየማለዳው ጸሎታቸውን እንዳደረሱ ኦሜጋ ሰዓታቸውን ይሞሉ ነበር። ጆሯቸው ላይ ያስጠጓታል፤ ያዳምጧታል፤ ከዚያ ያስሯታል። አባታችን ሰዓቷን ከነልማዷ ወረሰ። እሱ ሲያርፍ ግን እኛ ልጆቹ በጥጥ ጠቅልለን ሣጥን ቆለፍንባት። ይህንንም «ቅርስ መጠበቅ» አልነው። ስሙ አይገባንም።

ወንድሜ የሚከራከረው በገንዘብ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ውስጥ በጨረታ በሚሊዮኖች መሸጡን ያነሣና፣ «ያልተነካ ዕቃ ዋጋው ይንራል» ይለኛል። ምሳሌው ግን በራሱ ላይ ይመሰክርበታል። ያን ሰዓት ዓለም ያወቀው የማን እንደነበር ስለተነገረለት እንጂ ሰው ስላልነካው አይደለም።

እኅቴ ደግሞ «ብትታሰር ታረጃለች» ትላለች። እውነቷን ነው። በሣጥን ውስጥም ግን ታረጃለች፤ ያውም ሰው ሳያያት። በውስጧ ያለው ዘይት ብትሠራም ብትቆምም በዓመታት ብዛት ይደርቃል። በእጅ የሚሞላ ሰዓት አንዴ ቢሞላ ከአንድ ቀን ተኩል ብዙም አያልፍም፤ በየማለዳው የሚያስታውሰው ሰው ይሻል። መውረስ ማለት ይህን ማስታወስ ነው፤ ቁልፍ መያዝማ የግምጃ ቤት ጠባቂም ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አያቴ ሰዓቷን የሞሏት በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ንጋት ላይ 12፣ እኩለ ቀን ላይ 6። አባታችንም አልለወጣትም። ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1 ሰዓት ሲሉ፣ እሱ በእጁ ላይ 7 ያነብ ነበር። ይህ የቤታችን ታሪክ በወረቀት አልሰፈረም፤ የኖረው በጠቋሚዎቿ አቀማመጥ ብቻ ነው። በቀደም ሣጥኑ ሲከፈት የወንድሜ ልጅ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ቆማ አየቻትና፣ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። የቆመ ሰዓት የማን እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ እላለሁ፤ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ትሂድ፣ ትጠረግ፣ ዘይት ትቀባ። የመስታወቷን ጭረት ግን ማንም እንዳይነካው፤ አያቴና አባቴ የጻፉት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ከአንዳችን እጅ ወደ ሌላችን ትተላለፍ። የልጅቷም ተራ ይድረስ።

ሥራ ላይ ተጭራ፣ ተፍቃ ትለቅ፤ በጥጥ ተከፍና ግን አትቀበር።