ኢንተርኔት ሲዘጋ ፊርማው የማን ነው?

የግብፅ ኢንተርኔት የጠፋው ጃንዋሪ 28 ቀን 2011፣ እኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲነጋ፣ ዕለቱ አርብ ነውና፣ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ይጠበቅ ነበር። የባሕር ውስጥ ገመድ የቆረጠ የለም፤ ማማ ያፈረሰም የለም። የኩባንያዎቹ መሣሪያዎች «ወደ እነዚህ አድራሻዎች የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» እያሉ ለቀረው ዓለም ዘወትር የሚያሰሙትን ማስታወቂያ አነሱ፤ በቃ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው የግብፅ ኔትወርክ ከዓለም ተለየ። ኑር የሚባል አነስተኛ ኩባንያ፣ ከደንበኞቹ አንዱ የአክሲዮን ገበያው ነበረና፣ ጥቂት ቀናት ሠርቶ ጃንዋሪ 31 እሱም ጠፋ። አገልግሎቱ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 2 ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) የአምስቱን ቀናት ቀጥተኛ ኪሳራ ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል።

ይህን የቆየ ታሪክ የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። በግብፅ ቴሌ አንድ ብቻ አልነበረም። የመንግሥቱ ቴሌኮም ኢጂፕት ነበር፤ ቮዳፎን፣ ኢቲሳላትና ሊንክም ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ትልልቅ የውጭ ባለአክሲዮኖች ያሏቸውም ነበሩበት። ሁሉም በአንድ ሌሊት ዘጉ። ቮዳፎን በወቅቱ ያወጣው መግለጫ በግብፅ ሕግ መሠረት ባለሥልጣናቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት መብት እንዳላቸውና ኩባንያውም የመፈጸም ግዴታ እንዳለበት ይገልጻል። በእኛ አገር ለዓመታት «የቴሌ ገበያ ለውድድር ቢከፈት ኢንተርኔት እንደልብ አይዘጋም ነበር» ሲባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህ መግለጫ ነው። ውድድር ዋጋ ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ፈቃዱን የሚሰጠው አካል ሲያዝ «እምቢ» የሚል ኩባንያ ግን አይፈጥርም።

ታዲያ ምን ይፈጥራል? መልሱን ለመፈለግ ወደ ሐራሬ መሄድ ይሻላል።

በጃንዋሪ 2019 የዚምባብዌ መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ኢንተርኔቱም ተዘጋ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ያልተለመደው የተከተለው ነው። የኢኮኔት መሥራች ስትራይቭ ማሲዪዋ፣ ኩባንያው የጽሑፍ ትእዛዝ እንደደረሰውና ባይፈጽም ሥራ አስኪያጆቹ ወዲያው እንደሚታሰሩ በይፋ ተናገሩ። ኩባንያው ዘግቷል፤ ጀግና ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን «የቴክኒክ ችግር አጋጥሞናል» አላለም። ትእዛዝ መኖሩ ስለታወቀ የሰብዓዊ መብት ጠበቆችና የመገናኛ ብዙኃን ተቋም የሆነው ሚሳ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 21 ቀን፣ ትእዛዙን የሰጡት ሚኒስትር በሕጉ መሠረት ያን የማድረግ ሥልጣን የላቸውም ሲል ወሰነ። ኢንተርኔቱም ተከፈተ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ዳኛው የጠየቁት ትልቁን የሐሳብ ነፃነት ጥያቄ አልነበረም። «ይህ ሰው መፈረም ይችላል ወይ?» የሚል፣ የጽሕፈት ቤት የሚመስል ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሊነሳ የሚችለው ወረቀት ሲኖር ነው። በስልክ ለተነገረ ቃል ይግባኝ የሚባልበት መንገድ የለም።

ሌሎችም አሉ። ቶጎ በ2017 ተቃውሞ ሲነሳ ኢንተርኔት ዘጋች፤ የኢኮዋስ ፍርድ ቤት በጁን 2020 እርምጃው የተመሠረተበት ሕግ እንደሌለ ጠቅሶ የሐሳብ ነፃነትን ጥሷል ብሎ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦገስት 2019 የተዘጋውን የካሽሚር ኢንተርኔት አስመልክቶ በጃንዋሪ 2020 ሲወስን፣ ገደብ የሌለው መዝጋት አይቻልም፣ ትእዛዞችም ለሕዝብ መታተም አለባቸው አለ። ይህ ውሳኔ ድንቅ ነው፤ ካሽሚር ግን ፈጣኑን የሞባይል ኢንተርኔት ያገኘችው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ፍርድ ቤት ሁሉን ይፈታል የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በጁን 2019 ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ተዘግቷል። በዚያው ወር ከባሕር ዳሩና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ፣ በጁን 2020 መጨረሻም ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ዳግም ተዘግቷል። የመጨረሻው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። የትግራይ የተለየ ነው፤ እዚያ ስልክም ባንክም አብረው ነው የጠፉት፤ በሳምንት ሳይሆን በዓመት የሚቆጠር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2019 ኢንተርኔት እንደ ውሃና እንደ አየር አይደለም ማለታቸው ይታወሳል። የመንግሥት ስጋት ባዶ ነው አልልም፤ በእነዚያ ቀናት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨውን የጥላቻ ቃል ያየ ሰው አይክደውም። ቢሆንም ጥላቻ ሰባኪውን በሕግ መጠየቅ ሲገባ ነጋዴውንም፣ ተማሪውንም፣ ዋሽንግተን ካለ ልጇ ጋር በቫይበር የምታወራውን እናትም መዝጋት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ዛሬ ቴሌ አንድ አይደለም። በ2019 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ፈቃድ ሰጪ ባለሥልጣን አቋቁሟል። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል። በሁለተኛው ኩባንያ መምጣት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። እኔ የምፈልገው ግን ከማስታወቂያው ይልቅ በፈቃዱ ውስጥ ሦስት መስመር ነው፦ የመዝጋት ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን፣ የሰጪው ስምና የተጠቀሰው አንቀጽ ይኑርበት፣ ኩባንያውም ለደንበኞቹ የመናገር መብት ይኑረው።

ሁለተኛው ኩባንያ ሥራ በጀመረ በአራተኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው ውዝግብ ሳቢያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ሲም ካርድ መቀየር አልጠቀመም። እገዳው እስከ ጁላይ ዘለቀ። በእነዚያ አምስት ወራት ሰው በየቢሮው የቪፒኤን ስም ይለዋወጥ ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መግለጫቸውን በዚያው በተዘጋው ፌስቡክ ላይ ማውጣታቸውን አላቆሙም።