ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም፦ የ5ጂ ወሬ ጥሎት ያለፈው ትምህርት

“ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” ይላሉ አበው። ብሂሉ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ በሚነገር ወሬ ላይ ይበልጥ ይሠራል፤ የመሣሪያው አሠራር ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ የሰማነውን የምንመዝንበት ሚዛን ያጥረናልና።

በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ በሽታውን የሚያዛምተው አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ (5ጂ) ነው የሚል ሐሰተኛ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። በእንግሊዝ ወሬውን ያመኑ ሰዎች የኔትወርክ ማማዎችን አቃጠሉ፤ በሥራ ላይ የነበሩ የቴሌኮም ሠራተኞችንም አስፈራሩ። ከተቃጠሉት መካከል 5ጂ ያልተገጠመላቸው ማማዎች ነበሩ። በሚያዝያ ወር በበርሚንግሃም ከተማ የተቃጠለው ደግሞ ለኮሮና ሕሙማን የተዘጋጀውን ጊዜያዊ ሆስፒታል የሚያገለግል ነበር። ቤተሰብ ሕሙማኑን በአካል መጠየቅ ባልቻለበት በዚያ ወቅት የቀረው መገናኛ ስልክ ነበር።

ወሬው ለምን ታመነ? ሁለት እውነቶችን አንድ ላይ ስለ ሰፋ ነው። 5ጂ በዚያው ዘመን መስፋፋት ጀምሮ ነበር፤ ወረርሽኙ መጀመሪያ የታየባት የቻይናዋ ዉሃን ከተማም አገልግሎቱን ካገኙት አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ዶሮ ሲነጋጋ ይጮኻል፤ የሚነጋው ግን ዶሮ ስለ ጮኸ አይደለም።

ማጣራቱም ከባድ አልነበረም፤ አንዱ ኖሮ ሌላው የሌለበትን ቦታ መፈለግ ይበቃል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ ያስጀመረው ግን በግንቦት 2014 ዓ.ም ነው። በሽታው ኔትወርኩን ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቫይረስ በሬዲዮ ሞገድ እንደማይጓዝ አስታውቋል።

ጋዜጠኛም ሆነ አድማጭ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው ሊጠይቅ የሚገባው ግልጽ ነው፦ ይህን ያየው ማን ነው? የትና መቼ? ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ምን ይታይ ነበር? ወሬን የሚያስተባብል ዘገባም እውነቱን ማስቀደም አለበት፤ ርእሱ ላይ ሐሰቱን የደገመ ዘገባ ሳያውቀው አሰራጭ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን የሚጠይቅ ሰው ይነቀፍ ማለት አይደለም። በቀዬው ማማ ሲተከል “ለጤናችን ያሰጋልን?” የሚል አርሶ አደር ተገቢ ጥያቄ አንሥቷል፤ አገልግሎት ሰጪው ድርጅትና ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በግልጽ ሊመልሱለት ይገባል። መልስ ያጣ ጥያቄ የወሬ ማሳ ነው።

ዛሬ የእህል ዋጋ የሚጠየቀው፣ ገንዘብ የሚላከው፣ ለወላድ አምቡላንስ የሚጠራው በስልክ ነው። ሳይጣራ የተላለፈ አንድ መልእክት ይህን ሁሉ የተሸከመውን ማማ ሊያስቃጥል እንደሚችል በርሚንግሃም አሳይታለች።