ኤክስ ማድረግ ብቻ እርማት አይደለም



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ በእኛ ቡድን አንድ ነገር ደርሶብን ነበር። ነገሩ የስልክ ፎቶግራፍ ነገር በመሆኑ «ይህ ደግሞ ከመምህርነት ሙያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ከጠመኔና ከቀይ ቢክ የማይርቅ ጉዳይ መሆኑን ትረዱልናላችሁ ብለን እናምናለን።

ለማስተማር ልምምድ ስድስት ሆነን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንዳችን ስናስተምር ሌሎቻችን የጥቁር ሰሌዳውን አጻጻፍ፣ የመርጃ መሣሪያውን አጠቃቀምና የተማሪዎቹን ደብተር ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው በቅደም ተከተል ፎቶግራፍ አንሥተን እንድናስረክብ ታዘዝን። ከመካከላችን ደኅና ካሜራ ያለው ስልክ የያዙት ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ በእነርሱ አነሣን። ፎቶግራፎቹን ለመሰብሰብ፣ ጠርዛቸውን ለመቁረጥና በተነሡበት ሰዓት ለመደርደር ደግሞ በነጻ የሚገኝና ማስታወቂያ የሌለበት አንድ አፕ ጫንን። አፑን የሠራው ኩባንያ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ቀን በሌላ ሥራ እየዋለ ማታ ማታ የሚያዘጋጀው መሆኑን ራሱ በአፑ መግለጫ ላይ ጽፎታል።

ታዲያ በማስረከቢያው ዋዜማ ስንከፍተው ጉድ ፈላ! ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ጥቁር ሰሌዳው ቆሞ አስተማሪው እንደ በሽተኛ ተኝቷል። ይባስ ብሎ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ማጠቃለያው ከመግቢያው ቀድሞ ተቀምጧል። ሣቅም መጣብን፤ ንዴትም መጣብን። አንዳችን ወዲያውኑ ለአፑ ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጠው። ሌላችን ለሠሪው ኢሜይል ላከለት። መልእክቱ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር:- አፕህ አይሠራም። ሥራችንን አበላሸብን። ቶሎ አስተካክል። በቃ! ጤና ይስጥልኝ እንኳ የለበትም። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ በእጃችን ስናዞርና ስንደረድር አመሸንና በነጋታው አስረከብን።

ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ። እኛ የጠበቅነው ወይ ዝምታ ወይ ቁጣ ነበር። ሰውየው ግን በደረሰብን ነገር ማዘኑን ከገለጠ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቀን። አንደኛ፣ ምን ምን አደረጋችሁ? ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በተራ ንገሩኝ። ሁለተኛ፣ ምን ይሆናል ብላችሁ ነበር የጠበቃችሁት? ሦስተኛ፣ በእርግጥ የሆነውስ ምንድን ነው? የስልካችሁን ዓይነትና የአፑን እትም ቁጥርም ጨምሩልኝ አለ።

ይህን ለመመለስ ስንቀመጥ አፈርን። ለምን ቢባል፣ ምን እንዳደረግን አናውቀውማ! ስለዚህ እንደ ሳይንስ ትምህርት ሙከራ ጀመርን። ስልኩን አቁመን አንድ፣ አጋድመን አንድ ፎቶግራፍ አነሣን። ሳንቆርጥ አየናቸው፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ከዚያ ሁለቱንም በአፑ ጠርዛቸውን ቆረጥን። ስልኩ ተጋድሞ የተነሣው ደኅና ሆኖ ቀረ፤ ስልኩ ቆሞ የተነሣው ግን በጎኑ ተኛ። በሁለተኛው ስልክ ደገምነው፤ ያው ሆነ። እንግዲያው ችግሩ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፉ ስልኩ ቆሞ ሲነሣና ከዚያም ሲቆረጥ ነው። ይህንኑ ጽፈን ላክን። እንግሊዝኛችን እንዳያሳፍረን ፈርተን ነበር። ነገር ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ የሆነውን መዘርዘር ትልቅ እንግሊዝኛ አይጠይቅም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የታረመው እትም ወጣ። ሰውየው ምክንያቱንም አስረዳን። የስልክ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ምስሉን የሚያስቀምጠው አግድም አድርጎ ነው። ስልኩ ቆሞ ከነበረ በፋይሉ ውስጥ «ሲታይ ይዙር» የሚል ምልክት ይጽፍበታል። የዚህ ደንብ ስም ኤግዚፍ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ምልክቱ ከ1 እስከ 8 ባለው ቁጥር ይጻፋል። 1 ማለት እንዳለ ይታይ፣ 6 ማለት ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ይዙር ማለት ነው። የእኛ አፕ በሚቆርጥበት ጊዜ ምስሉን ራሱ አዙሮ ያቃናዋል፤ ነገር ግን 6ን ወደ 1 ሳይለውጥ ይተወዋል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚከፍተው ሁሉ የተቃናውን ምስል እንደገና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ «ወደ ቀኝ ዙር!» ተብሎ የዞረ ተማሪ፣ ትእዛዙ ስላልተነሣ ብቻ ደግሞ እንደ መዞር ነው። እርማቱ አንዲት ቁጥር መለወጥ ነበር። ያቺ ቁጥር የቱ ጋ እንደ ተረሳች ለማግኘት ግን የእኛ ዝርዝር አስፈልጎታል።

የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ደግሞ የእርሱ ስሕተት ሆኖ አልተገኘም። ከሁለቱ ስልኮች አንዱ ሰዓቱ በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር የተሞላ ነበር። በዚህ ስልክ ጧት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የተነሣው ማጠቃለያ 03:20 ተብሎ ተመዘገበ። በሌላው ስልክ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የተነሣው መግቢያ ግን 08:50 ተብሎ ተመዘገበ። አፑ የተነገረውን አምኖ ደረደረ። እንግዲህ ጥፋቱ የእኛው ኖሯል! አንድ ኮከብ የሰጠው ጓደኛችን ሄዶ ኮከቡን አስተካከለ።

ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። ለሰውየው መልስ ለመጻፍ ፎቶግራፎቹን እንደገና ስናገላብጥ አንድ ተጋድሞ የነበረ ምስል አቃንተን አየን። የአንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ የሒሳብ ደብተር ገጽ ነበር። ልጅቷን ሁላችንም አስታወስናት። 52 ሲቀነስ 27ን 35 ብላ ጻፈች፤ ከእኛ አንዱ በቀይ ቢክ ኤክስ አደረገባት። ጣቷን በምራቋ አርሳ አጠፋችና 34 አለች። ኤክስ። 36 አለች። ኤክስ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደ። በሌላው ጥያቄ ግን 48 ሲቀነስ 23ን 25 ብላ በትክክል ሠርታዋለች። ስለዚህ «ታውቀዋለች፤ ዝንጉ ስለ ሆነች ነው» ብለን ደምድመን ነበር።

አሁን ገጹን ረጋ ብለን አየነው። 41 ሲቀነስ 18፣ 37 ብላለች። 63 ሲቀነስ 25፣ 42 ብላለች። ኧረ ልጅቷ ዝንጉ አይደለችም! የራሷ ሕግ አላት። ከላይ ይሁን ከታች ሳትል በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ላይ ትንሹን ትቀንሳለች። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላት ከ7 ላይ 2 ቀነሰች። 48 ሲቀነስ 23 ላይ የላይኞቹ አሃዞች ትልልቅ ስለ ሆኑ የተሳሳተው ሕግ ትክክለኛ መልስ ሰጣት። ልክ እንደ አፑ ናት፤ ስልኩ ሲጋደም ደኅና፣ ስልኩ ሲቆም ስሕተት። የሚያስፈልጋት አንዲት ነገር ነበረች፤ ከአሥር ቤት መበደርን የሚያሳያት ሰው። እኛ የሰጠናት ሦስት ኤክስ ነው። ይህን ስንረዳ ልምምዱ አብቅቶ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ነበር። ደብተሯን በፎቶግራፍ ይዘን እርሷን አጣናት።

ይህ የእኛ ግኝት ብቻ አይደለም። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች በመቀነስ ላይ የሚያደርጉት ስሕተት ብዙ ጊዜ ያለ ሕግ የሚመጣ ሳይሆን እንደ ኮምፒዩተር ባግ ሥርዓት ያለው መሆኑን አሳይተዋል። «ባጊ» የሚባል ፕሮግራምም ሠርተው ነበር። ፕሮግራሙ ባግ እንዳለበት ተማሪ ሆኖ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ዕጩ መምህሩ ደግሞ የራሱን ጥያቄዎች እያቀረበ የተማሪውን የተሳሳተ ሕግ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የእኛይቱን ልጅ ስሕተት፣ ከትልቁ ላይ ትንሹን መቀነስን፣ እነርሱም መዝግበውታል።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ስሕተት ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ኤክስ፣ እኛ ለሰውየው እንደ ላክነው የመጀመሪያ ኢሜይል ነው፤ ንዴትን ይናገራል እንጂ ምንም አያቃናም። ያ ሰው ፊቱን አይተን ለማናውቀው፣ ገንዘብም ላልከፈልነው፣ በዚያ ላይ ለዘለፍነው ለእኛ «ምን ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ከጠየቀ፣ እኛ ፊት ለፊታችን የተቀመጠችውን ልጅ «እንዴት አድርገሽ ሠራሽው? እስቲ አሳዪኝ» ማለት እንዴት ያቅተናል?

«60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አይሆንም» የሚሉን አሉ። አባባሉ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ እኛም የደብተሩን ክምር አይተነዋል። ነገር ግን የአፕ ሠሪዎችም ቢሆኑ አንድ መቶ ሰው ስለ አንድ ስሕተት ቢጽፍላቸው መቶ ጊዜ አያርሙም። ተመሳሳዩን ሰብስበው አንድ ጊዜ ያርሙታል። ከ60 ደብተር ውስጥም 60 ዓይነት ስሕተት አይወጣም። አንድ ዓይነት የተሳሳቱትን ለይቶ በነጋታው በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥር ደቂቃ መስጠት፣ 60 ደብተር ላይ ኤክስ ከመደርደር ይልቅ ድካሙም ያንሳል።

ክቡራን መምህራኖቻችንም ቅር አይበላችሁ እንጂ የእኛም የፈተና ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው 12 ከ20 ተብሎ ብቻ ነው። 8ቱ የት ሄደ? እኛም ደፍረን አንጠይቅም። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ወረቀቱን አጥፈን ኪሳችን እንከታለን። ዝም ግን ይነቅዛል። ነቅዞም ወደ 3ኛ ክፍል ይወርዳል፤ እንደ ተማርነው ነውና የምናስተምረው።

ስሕተትን በወጉ ከመናገር የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ። አንድ ስሎቫክያዊ ባለሙያ የጀመራቸው ሲምፕል ሞባይል ቱልስ የተባሉ አፖች ነበሩ፤ ሲምፕል ጋለሪ የተባለው የፎቶግራፍ አፕ ከእነርሱ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ አፖቹ ለአንድ ኩባንያ ተሸጡ። ይሁንና የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለ ነበር፣ በሥራው ላይ ሲረዱ ከቆዩት መካከል ቅጂውን ወስደው ፎሲፋይ በሚል ስም የቀጠሉት አሉ። ስሕተቱን የሚያውቁና ማረምን የለመዱ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ክፍት መሆኑ ብቻውን ምን ይጠቅም ነበር? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ትምህርት ቤትም ከዚህ አይለይም።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየሴክሽኑ አንድ የስሕተት መዝገብ ይከፈት። በልምምድ ላይ ያየነውን የተማሪ ስሕተት ስም ሳንጠቅስ እንጻፍበት፤ ልጁ ምን ሠራ፣ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ለምን ይመስለናል እያልን። እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማሽናቸውን ያወከ አንድ የእሳት እራት ቢያገኙ አሽቀንጥረው አልጣሉትም፤ ከመዝገባቸው ላይ ለጥፈው ጻፉበት። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ሙዚየም አለ። እኛም ስሕተትን የምናፍርበት ሳይሆን የምንመዘግበው እናድርገው። ሁለተኛ፣ ከመጪው ልምምድ ጀምሮ ኤክስ ያደረግንበት ደብተር ሁሉ አጠገቡ አንዲት ቃል ይኑረው፤ «ተበደሪ» የምትል ብትሆንም እንኳ ትበቃለች። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን የፈተና ወረቀት ሲመልሱ ብዙዎቻችን የሳትነውን አንድ ጥያቄ መርጠው በክፍል ቢያስረዱን ውለታቸው ትልቅ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደዚያው ትምህርት ቤት ከተመደብን ያችን ልጅ እንፈልጋታለን። 4ኛ ክፍል ገብታ ይሆናል። እስከዚያው ግን የምንናገረው ለእናንተ ነው። የማትስማሙ ካላችሁ ከዚህ ግድግዳ ላይ መልሳችሁን ለጥፉልን፤ የተሳሳትነውም የት ላይ እንደ ሆነ ከነምክንያቱ ንገሩን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!